የግራ ትከሻ

ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቃል፤ እኔ ልኩን አውቃለሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለክቼ ሰፍቻለሁ።
አንገቱ አርባ አንድ፣ ደረቱ መቶ አራት፣
ግራ ትከሻው ግን ዝቅ ያለ ሁለት ጣት።
ገበሩ ሥር ድርብ ሱፍ ጎስጉሼ አቀናዋለሁ፣
ይህን ጉድ ለማንም ትንፍሽ አላልሁ።

አውሪካ እባላለሁ፤ የኦፔሬታው ቤት ምድር ቤት፣
ቡካሬስት መሃል፣ መርፌ ነው የኔ ርስት።
ሴቬር ቡዝዱጋን ሲባል አዳራሹ ይነሣል፣
ሻምፓኝ በሌለበት ዘመን ሻምፓኝ ይቀዳል፤
(ብርጭቆው ውስጥ ያለው፣ እኔ ነኝ የማፈላው፣
የዛፍ አበባ ሻይ ነው፣ ባረረ ስኳር የቀላው።)

የተወለደው ብራይላ፣ ከዳኑብ ወደብ ዳር፣
አባቱ ስንዴ ተሸካሚ፣ ከመጋዘን እስከ ባሕር።
በአሥራ ሦስት ዓመቱ እሱም ገባ ከሰልፉ፣
ኩንታሉ ትከሻው ላይ፣ ዜማው ግን በአፉ።
መሻገሪያው ጣውላ እያረገረገ ሲሰጠው ምት፣
ትንፋሽ መቆጠብ የተማረው እዚያ ነው፣ ከትምህርት ቤት ፊት።
የሰፈሩ ቄስ ሰማው፣ ከመዘምራን ሁሉ ወደደው፣
አንድ የግሪክ ነጋዴ የባቡር ከፍሎ ሰደደው።
ካርቶን ሻንጣ ይዞ መጣ፣ በሲባጎ ተቋጥሮ፤
ሀብቱ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ጉሮሮ።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። መኳንንቱ ታሰሩ፤
ማዕረግ የቀረው መድረክ ላይ ነው፣ በጨርቁ፣ በክሩ።

አንድ ታኅሣሥ ሽማግሌ መጣልን፣ ሽርባን የሚባል፣ ጎበጥ ያለ፤
ጣቱ ላይ የቀለበት ፈለግ አለ፣ ቀለበቱ ግን የለ።
መሬቱን፣ ቤቱን ወሰዱ፤ በወንድሞቹ ላይ ተኮሱ፤
ለሱ አዘኑለት፤ ካውያ ሰጥተው ልብስ አስተኮሱ።
እንፋሎት መሃል ቆሞ፣ እውነተኛው ባላባት፣
የውሸተኛውን ሱሪ ያሰማምራል ለምሽት።

ሴቬር መስታወት ፊት ሲለማመድ እጅ መንሣት፣
ሽርባን ካውያውን አስቀመጠ።
«ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ ይህ የአሽከር ነው።
ባላባት ወገቡን አይሰብርም፤ አንገቱን ነው የሚያበድር፣
እሱንም ለአንድ አፍታ፤ ከዚያ ይወስዳል ከነክብር።»
ሦስት ሳምንት አስተማረው፣ ከኮት መስቀያው መሃል፣
ደመወዙን አስተማሪው በከሰል ይቀበላል።
ከዚያ ወዲያ ከተማው «የዘር ነው እንጂ!» አለ፤
ሽርባን ካውያው ላይ እንትፍ ብሎ «ግሏል» አለ።

የካቲት ላይ ሞተ። ከቀባሪው ጋር አራት ነበርን።
ሴቬር በዚያ ምሽት ሁለቴ እጅ ነሣ፣
አንዱን ለሕዝቡ፤
ሌላውን ወደ ወለሉ፣ ወደ ምድር ቤቱ።

ዓመታት። ፋብሪካ፣ ራዲዮ፣ የባቡር ጣቢያ አዳራሽ።
ድምፅም እንደ ክርን ነው፤ ከመታጠፊያው ነው የሚሳሳው።

የመጨረሻው ምሽት፤ ሕዝቡ ካፖርቱን እንደለበሰ፣
የሴቬር ትንፋሽ ጉም ሆኖ ከዜማው ቀድሞ ደረሰ።
ያቺ ከፍታ፣ ሠላሳ ዓመት የታዘዘችለት፣
አፉን ከፈተ፣ ጠበቃት፤ አልመጣችለት።
ቫዮሊኖቹ ቆሙ።
ወገቡን ሳይሰብር አንገቱን አበደረ፣
ለአንድ አፍታ፣ ለሁለት… ሳይወስድ፣ እንዳቀረቀረ ቀረ።
ሕዝቡ ድርሰቱ መስሎት ሃያ ደቂቃ አጨበጨበ፤
እኔ ብቻ አየሁ ግራ ትከሻውን፣ ኩንታል እንደደረበ።

ዘንድሮ፣ ሚያዝያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ዐረፈ።
ከቴአትር ቤቱ መጥተው «የልዑሉን ልብስ» አሉኝ።
«ወርቅ» ያልነው ጥብጣብ ናስ ነው፤ ዝጎ አገኘሁት፣
በሆምጣጤ አሸሁት።
ከዚያ መቀስ አነሣሁ፣ ገበሩን ተረተርኩ፣
ድርቡን ሱፍ አወጣሁ፤ መልሼ ሰፋሁ፤ ጨረስኩ።

ኮቱ ወደ ግራ ዘሟል።
ያየው ሁሉ «ልክ አይደለም» ይላል።

ልኩ ነው።